ማሽላው ቤት እስኪገባ

ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ጉዳይ ቆቦ ሄጄ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ግመል የማሽላ አገዳ ተጭና በአጠገቤ አለፈች። ጭነቱ ከእሷ ይበልጥ ነበር፤ ከፊት አንገቷ፣ ከታች እግሮቿ ብቻ ይታያሉ። አዲስ የታጨደ አገዳ ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣፈጥ ይላል፣ አቧራ አለበት፣ ትንሽም ኮምጠጥ ያለ ነገር አይጠፋውም። ባለባጃጁ "እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትቆሚያለሽ?" እስኪለኝ ድረስ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር።

ነገሩን ከፊቱ ልናገረው፤ ማድበስበስ አልወድም። ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ማሽላው ሲያፈራ፣ ታላቅ ወንድሜ ሞላ ሞቶ ነበር። ይህን ከሮቢት እስከ ቆቦ የሚያውቀን ሰው ሁሉ ያውቃል። የማናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እናቴና እኔ።

ሞላ የወጣው በጥር ነው። እንደ እኩዮቹ ሁሉ በአፋር አድርጎ ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ወደ ሳዑዲ። የመጨረሻውን ስልክ የደወለው ከባሕሩ ወዲህ ሆኖ ነበር። "ማዶ ስሻገር እደውላለሁ፣ አታስቡ" አለ። አባታችን እኔ ጡት ሳልተው ስለሞተ ቤቱ ለእናቴና ለእኔ ብቻ ቀረ። የምንኖረው ከሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር ነው። ወንዝ ስል ውሃ አለው ማለቴ አይደለም። ክረምት ላይ ከደጋው ጎርፍ ይወርድበታል፣ ገበሬው ያን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሳው ላይ ይለቀዋል፣ ማሽላችንም በዚያ ይበቅላል። በተረፈው ጊዜ አሸዋ ነው።

ኋላ እንደሰማሁት የሞቱ ወሬ የደረሰው በመስከረም ነው። አብሮት የተጓዘ የሰፈራችን ልጅ ከዚያው ሆኖ ለአጎቴ ለፈንታው ደወለለት። ጀልባዋ ማዶ ሳትደርስ ተገለበጠች፤ ልጁ ተረፈ፣ ሞላ አልተረፈም። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ቆቦ ከተማ ነው የሚኖረው። ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ተማከረና መርዶው ማሽላው ቤት እስኪገባ ይቆይ ተባለ። ክፋት አልነበረም። መርዶ የገባበት ቤት ማሳውን አያይም። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ስትተኛ ማሽላውን ግሪሳ ይጨርሰዋል፤ ልጇን ያጣች ሴት በላዩ ላይ የዓመት እህሏን ታጣለች። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ አፉን ዘጋ። እንዲያ ያለ ምስጢር ያን ያህል ሕዝብ ያን ያህል ጊዜ መያዙ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር ጌታነህ የሚባል፣ ክረምት ከበጋ አንድ ኮት የሚለብስ ቀጭን ሰው ነበር። መጽሐፍ ለአምስት አንድ ስለሚደርሰን የራሱን ዘዴ አወጣ። በመስከረም ማለቂያ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አደለን፤ ያንን ቃል እስከ ገና ድረስ "ታግዳላችሁ" አለን። "ከብት የሚያግድ ሰው ከብቱ የት እንደሚግጥ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማንን እንደሚወጋ ያውቃል። ቃላችሁንም እንደዚያ ተከታተሉት፤ ባገኛችሁት ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉልኝ። ትርጉሙን ሸምድዶ የሚመጣ ልጅ ከእኔ ነጥብ አያገኝም።" አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ "ስቶን" ደረሳት። ቀናሁባት፤ ድንጋይ የትም አለ። ለእኔ የደረሰኝ "ጆይ" ነው።

"ደስታ ማለት ነው" አልኩ ከመቀበሌ።

"ደስታ ነው፤ ግን አልጨረስሽም፣ ተቀመጪ" አለኝ።

ከዚያ አስረዳን። "ሀፒ" ቀላል ነው፤ ሻይ ስትጠጪም፣ ጫማ ሲገዛልሽም ሀፒ ትሆኛለሽ። "ጆይ" ይከብዳል፣ በሰውነት ውስጥ አልችል ብሎ ይወጣል። እንግሊዞቹ በጆይ ይዘላሉ፣ በጆይ ይጮኻሉ፣ በጆይ ያለቅሳሉ። ያለቅሳሉ ሲል ክፍሉ ሳቀ። "እኛስ ጆይ ሲሆን ምን እናደርጋለን?" ብሎ ጠየቀ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች እልል አሉለት። ከሁሉ የወደድኩት ግን ከአሮጌ መዝገበ ቃላቱ ያወጣልኝን ነው። እንግሊዞች አንድ ነገር ሲፈልግ ወይም ወሬ ሲጠብቅ የዋለን ሰው "ኤኒ ጆይ?" ብለው ይጠይቁታል። ቀናህ ወይ፣ ተገኘ ወይ ማለታቸው ነው። ያልቀናው ሰው "ኖ ጆይ" ብሎ ይመልሳል። ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ቤታችን ኔትወርክ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ካለው ኩይሳ ላይ ሲወጣ ሁለት መስመር ይመጣል። እናቴ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ስልኳን በመቀነቷ ቋጥራ አሸዋውን ትሻገርና ኩይሳው ላይ ትቆማለች። እኔ ያን ሰዓት ማሳው መሃል ካለው ማማ ላይ ነኝ፤ ወንጭፌን ይዤ ግሪሳ አባርራለሁ። ከዚያ ከፍታ እናቴ ስልኩን ወደ ሰማይ ስታነሳ፣ ስታወርድ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ ስታዞር ትታየኛለች። ስትመለስ "ኤኒ ጆይ?" ብዬ ጮኽኩባት።

"ምን ትለፈልፊያለሽ?"

አስረዳኋት። ማማው ሥር ቆማ አዳመጠችኝና "እንግሊዝም እንደኔ ልጅ ሰዶ ነው እንዴ ይሄን ያወጣው?" አለች። በማግስቱ ገና ከኩይሳው ሳትወርድ እጇን አወዛውዛ "ኖ ጆይ!" ብላ ጮኸች፣ በራሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ሆነ። ጥቅምትን ሙሉ በየቀኑ እጠይቃታለሁ፣ በየቀኑ ትመልስልኛለች፤ ሳቁ ግን እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ጥያቄዬን ሰምታ ምንም ሳትል ወደ ቤት ገባች። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

በዚያው ሰሞን ሰዉ ተለወጠ። ከዚያ በፊት የሰፈሩ ሰላምታ "ደወለ ወይ?" ነበር። እንደምን ዋልሽ ሳይሏት በፊት እናቴን "ዝናሽ፣ ሞላ ደወለ ወይ?" ይሏታል። እሱ ጥያቄ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁሉም አፍ ጠፋ። በምትኩ ስጦታ መጣ። አጥር የምትጋራን እት ዘሃራ በቅል እርጎ ይዛ መምጣት አዘወተረች፣ ለእኔ አዲስ ሻሽ አሰረችልኝ። አጎቴ ፈንታው ከቆቦ ጫማ አመጣልኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እህላችንን ወረፋ ሳያስይዝ ፈጨልን።

እናቴ ይህን ሁሉ ትታ የጎደለውን ብቻ ነበር የምትቆጥረው። "ሰው እንዴት ቶሎ ይረሳል?" አለችኝ አንድ ቀን፣ ባቄላ እየፈለፈለች። "ልጄን አንድ የሚጠይቅልኝ ጠፋ። ገና ዓመትም አልሞላው።"

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ሰው የሚያውቀውን ነገር አይጠይቅም። የማይጠይቁን ስለሚያውቁ ነው፤ የሚያውቁትም ሞላ ሊመጣ መሆኑን ነው፤ እርጎውም ጫማውም የደስታው ቀብድ ነው። በእኔ ቤት ተመራማሪ ሆኛለሁ። ለመምህሬ በእንግሊዝኛ "ጎረቤቶቻችን እኛን ሲያዩ ጆይ አላቸው" ብዬ ጻፍኩለት። "አላቸው" የሚለውን ቃል በቀይ አሰመረበት፣ ነገር ግን ምን እንደተሳሳትኩ አልጻፈልኝም። ትክክል ይሁን ስህተት ሳላውቅ ቀረሁ።

ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ እናቴ ደቦ ለመጥራት ጠላ ልትጠምቅ ስትዘጋጅ፣ ሳትጠራቸው ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ነበር። ስንቃቸውን እንኳ ይዘው ነው የመጡት። በእኛ አገር ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንም፤ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱም በዜማው ይሄዳል። ያን ቀን ግን የሚሰማው የአገዳው መሰበር ብቻ ነበር። እናቴ ውሃ ስታዞር ቆየችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ምነው እናንተ? የኔን ማሽላ ስትቆርጡ ነው ድምፃችሁ የሚጠፋው? ወይስ ጠላ ስለሌለ ነው?"

ማንም ቀና አላለም። በኋላ አያ አራጌ፣ በሰፈሩ ድምፀ መልካም የሚባሉት ሽማግሌ፣ "እሺ ዝናሽ፣ ለአንቺማ" ብለው አወጡ። ሁለት ስንኝ ያህል ሄዱ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ አጎንብሰው ሳሉና "አቧራው ነው" አሉ። ሌሎቹም አቧራውን ረገሙ። እናቴ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ጀርባቸውንም መታ መታ አደረገችላቸው። አሁን ሳስበው ከዚያ ቀን ሁሉ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ እሳቸው ለልጇ እያለቀሱ እሷ ታጽናናቸዋለች።

በዚያው ቀን ነው የሰማሁት። ለውሃ ስላኩኝ ከአገዳው ክምር ኋላ ሳልፍ አጎቴና እት ዘሃራ ቆመው ያወራሉ። ቆም አልኩ።

"ቅዳሜ ጧት ይሁን" ይላል አጎቴ። "ሐሙስ ተወቅቶ ዓርብ ጎተራ ይገባል። ልጁም ዓርብ ቆቦ ይደርሳል፤ አብሮን ይመጣል።"

"እስከዚያ እንዳትሰማ ነው" አለች እት ዘሃራ። "ያረቢ፣ እኔስ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ትንሿም እንዳትሰማ።"

እንስራውን እንዴት እንደተሸከምኩት አላውቅም። ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ልጁ ዓርብ ቆቦ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ጧት አጅበውት ይመጣሉ፣ እናቴን በድንገት ሊያስደስቷት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ የታጨደውን ከግሪሳ ስጠብቅ፣ ማማው ላይ ሆኜ "ኤኒ ጆይ?" ስላት ሳቄ ያመልጠኝ ነበር። እሷ ከኩይሳው ደክማ ትመለሳለች፣ እኔ ከላይ እስቃለሁ። አንድ ጊዜ "ምን ያስቅሻል አንቺ? ወንድምሽ ጠፍቶ?" ብላ ቆጣችኝ። ምስጢር መጠበቄን እንደ ትልቅ ሰውነት ቆጠርኩት።

ሐሙስ ዕለት ደብተሬን ለመምህር ጌታነህ ሰጠሁ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት "ቅዳሜ ጧት ጆይ ወደ ቤታችን ይመጣል፣ እናቴ ገና አታውቅም" የሚል ነበር። አነበበው። እንደገና አነበበው። እሱም ሮቢት ስለሚኖር ያውቅ ነበር። ልጆቹ ለእረፍት እስኪወጡ ድረስ ደብተሬን ይዞ ቆየ።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"ማንም። ሰምቼ ነው።"

"ለእናትሽስ?"

"ምስጢር ነው እኮ ጋሼ!"

መስኮቱ ጋ ሄዶ ወደ አስፋልቱ አየ። የመኪና መንገዱ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፤ የደሴ አውቶቡስ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አውቶቡሱ እስኪያልፍ ጠበቀ። "ይህን ቃል መልሺልኝና ሌላ ልስጥሽ" አለኝ። "ቀለል ያለ አለኝ። 'ሪቨር' ልስጥሽ፣ ወንዝ ከቤትሽ አጠገብ አለ።"

"ወንዙማ ውሃ የለውም" አልኩት። "ቃሌን አልሰጥም። ቅዳሜ ነው የሚመጣልኝ።"

አልታገለኝም። ዐሥር ከዐሥር ሰጥቶ ደብተሬን መለሰልኝ። በሕይወቴ ከእንግሊዝኛ መምህር ሙሉ ነጥብ ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እየዘለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ዓርብ ማሽላው ጎተራ ገባ። ጥሩ ምርት ነበር። ቅዳሜ ጧት ሳይነጋጋ ተነስቼ ደጁን ጠረግኩ፣ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ረጨሁ፣ አዲሱን ጫማዬን አደረግኩ። እናቴ ጓዳ ሆና ዱቄት ትነፋለች። "ምን ነክቶሻል ዛሬ? ሙሽራ የምትጠብቂ ትመስያለሽ" አለችኝ ከውስጥ። አጥሩ በር ላይ ቆምኩ።

በአሸዋው ላይ ሲመጡ አየኋቸው። ሠላሳ ይሆናሉ። አጎቴ ከፊት ነው፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢ ለብሰው ከጎኑ፣ ሴቶቹ ከኋላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር። ይህን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አታውቅም አይባልም፤ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። እኔ ግን ጥለት አላየሁም። እኔ ያየሁት መሃላቸው የተሸፋፈነውን ረጅም ወጣት ነው። ቁመቱ ሞላን ያክላል። ትከሻው የሞላ ትከሻ ነው። ከባሕሩ ተርፎ የተመለሰው፣ ያየውን እንዲናገር ያመጡት ልጅ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

እልል አልኩ። ትንፋሼ እስኪያልቅ እልል አልኩ፣ ትንፋሼን ስቤ እንደገና እልል አልኩ።

እናቴ ከጓዳ ስትሮጥ ሰማኋት። ወንፊቱ ወድቆ ሲንከባለልም ሰማሁ። እጇ እስከ ክንዷ ነጭ ዱቄት ሆኖ፣ እሷም እልል እያለች፣ "ሞላዬ! መጣህ? መጣህልኝ?" እያለች ወጣች። የሁለታችን እልልታ ደጁን ሞላው። ሰዎቹ አሸዋው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ማንም አንድ እርምጃ ወደፊት አላለም። እት ዘሃራ አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

እናቴ በመሃላቸው ገባች። የተሸፋፈነውን ልጅ ጋቢ ከራሱ ላይ ገለጠች። አየችው። ሌላ ሰው ነው። ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ፤ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አየች። የነካችው ሁሉ ጋቢው ላይ የዱቄት እጅ ታተመበት።

"የታለ?" አለች። "የታለ ፈንታው?"

አያ አራጌ ናቸው የተናገሩት። "ዝናሽ፣ እግዜር ያጥናሽ። ሞላ በመስከረም አርፏል።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ለቅሶ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

ድንኳኑ ውስጥ በቆየንባቸው ቀናት ሴቶች እየጠቆሙ "ይቺ ናት" ሲሉ እሰማለሁ። "መርዶ በእልልታ የተቀበለችው እሷ ናት።" አንዷም "የሕፃን ምላስ ጥሩ አይደለም" አለች። እናቴን ፊቷን ማየት ፈራሁ። ልጇ የሞተባትን ቀን ከእኔ እልልታ ጋር ነው የምታስታውሰው ብዬ አሰብኩ፤ ስታየኝ ሁሉ እሱ ድምፅ ይሰማታል፣ ትጠላኛለች። ለመተኛት እት ዘሃራ ቤት ሄድኩ። እሷ "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አላህ ያውቃል አንቺ እንዳላወቅሽ" ትለኛለች፣ ጀርባዬን ታሻለች። እናቴ ጋ የምሄደው ሰው በሞላበት ሰዓት ብቻ ሆነ፤ ውሃ አስቀምጬ እወጣለሁ።

መምህር ጌታነህም ለቅሶ ደረሰ። ድንኳኑ ጥግ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ቆየና ሲወጣ ከአጥሩ ኋላ አገኘኝ። ስለ ቃሌ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። "ሐሙስ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር" አለኝ። "ፈራሁ።" ትልቅ ሰው ፈራሁ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ብዙ ዓመት ተቀይሜዋለሁ። አሁን ቅያሜው አልፎልኛል፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ዐሥር ከዐሥር ሰጥቼ የምሸኝ ይመስለኛል።

ድንኳኑ ፈረሰ፣ አርባውም አለፈ፣ ሰዉም ወደየቤቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ አስቀምጬ ልወጣ ስል እናቴ "ቁሚ" አለችኝ። ደጃፉ ላይ፣ መሬት ተቀምጣለች። የተላጨው ፀጉሯ አጠር አጠር ብሎ በቅሏል፤ ነጭ ነበር፣ ድሮ ጥቁር እንደነበር አውቃለሁ።

"ለምንድን ነው የምትሸሺኝ?"

የውሃውን ዕቃ ክዳን ደጋግሜ አስተካከልኩ።

"አንዱ ሄደ። አንቺም ጎረቤት ገባሽ። ምን አድርጌሻለሁ?"

"እልል ስላልኩ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ከመርዶው ቀን ጀምሮ ያላለቀስኩትን ሁሉ።

እንባዬን ልትጠርግልኝ አልሞከረችም፤ ትከሻዬን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፊቷን ወደ አሸዋው እንዳዞረች፣ "ድምፅሽን ስሰማ መጣ አልኩ" አለች። "ይሆን ይሆናል ብዬ አይደለም። መጣ። ቁመቱን አየሁት። ከስቷል ብዬ ሁሉ አዘንኩ። ምን ላብላው ብዬ አሰብኩ።"

"አላወቅኩም እኮ እማ።"

"አውቃለሁ አላወቅሽም። እነሱ ሁሉ ሞቱን ነው ያመጡልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ደግ አስበው ነው። አንቺ ግን ከጓዳ እስከ ደጃፍ ልጄን አምጥተሽልኝ ነበር። ሌላ ማንም አላመጣልኝም።"

ያን ቀን ቤቴ አደርኩ። በማግስቱ እሷ ወደ ማሳው ስትወጣ፣ ያን ቅዳሜ ጓዳ ውስጥ ዱቄት ስትነፋ ከነበረችበት ቦታ ተነስቼ እስከ ደጃፉ ድረስ በእግሬ ለካሁት። ሰባት እርምጃ ነው።